የሚጮህ ጎማ፦ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለይቶ መላ የማበጀት ዝርዝር መመሪያ

ፍጥነት ሲጨመር አብሮ ይጨምራል። ሬዲዮውን ይውጠዋል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሲያወራ ፊት ያለው "ምን አልክ?" እንዲል ያደርጋል። ያገለገለ መኪና የገዛ ወይም ያገለገለ ጎማ ያስገጠመ ሰው ይህን ድምፅ በደንብ ያውቀዋል።

አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚለው "ጎማው አርጅቷል፣ ይቀየር" ነው። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጎማውን ያበላሸው ሌላ ነገር ነው፦ የደከመ ሾክ አብዞርበር (የመኪናውን ንጥረት የሚያበርደው ዕቃ)፣ የተዛባ አላይመንት (ጎማዎቹ የሚያዩበት አቅጣጫና የሚያዘነብሉበት ልክ)፣ ለወራት ያልታየ ንፋስ። ያንን ሳታስተካክሉ አዲስ ጎማ ብታስሩ አዲሱም ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ መጮህ ይጀምራል። ገንዘባችሁ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ስሙ፣ ከዚያ ዳስሱ።

መጀመሪያ፦ ጎማ ለምን ይጮኻል?

በተለመደ የቤት መኪና፣ በአንድ ወጥ ፍጥነት እየነዳችሁ በሰዓት ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ካለፋችሁ፣ የጎማው ድምፅ ከሞተሩ መብለጥ ይጀምራል። ጥርሱ አስፋልቱን ይመታል። በጥርሶቹ መካከል ያለው አየር ይታመቅና ተመልሶ ይለቀቃል። የጎማው ጎን ይርገበገባል። ውስጥ የታሰረው አየርም የራሱ ድምፅ አለው። ሻካራ መንገድ ላይ ወይም የድልድይ መጋጠሚያ ስታልፉ የሚሰማው ወፍራም "እምምም" ከዚያ የሚመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ለቀሪው ሁሉ ቁልፍ ነው። የጎማ ጥርሶች ሁሉም እኩል ቢሆኑ መንገዱን በእኩል ልዩነት እየመቱ አንድ የሚወጋ ድምፅ ያወጡ ነበር። ስለዚህ አምራቾች የጥርሶቹን ስፋት ሆን ብለው ያለያዩታል። ዙሪያውን ብትከተሉ አንዱ ጠበብ፣ ሌላው ሰፋ ብሎ ታገኙታላችሁ። ድምፁ እንዲበተን ነው። ጎማው አለአግባብ ሲበላ ግን ይህ ሥራ ይፈርሳል። በእኩል የተበላ አሮጌ ጎማ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ትንሽ ያገለገለ ነገር ግን ወጣ ገባ ሆኖ የተበላ ጎማ ነው ጆሮ የሚያደነቁረው።

1. ድምፁ የጎማ መሆኑን አረጋግጡ

ቀጥ ያለ፣ ጭር ያለ፣ አስተማማኝ መንገድ ምረጡ። ሬዲዮና የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፉ፣ መስኮት ዝጉ። የሚሰማላችሁ ሰው አብሯችሁ ይቀመጥ። እናንተ መንገዱን እዩ፣ እሱ ይስማ። ስልክ ካለው ድምፁን ይቅዳ፤ ከፊት ቀኝና ግራ፣ ከኋላ ቀኝና ግራ፣ ወለሉ አጠገብ አስጠግቶ። በኋላ ስታወዳድሩት ከየትኛው ማዕዘን እንደሚጎላ ይገባችኋል።

በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትደርሱ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱና መኪናው በራሱ ይንሸራተት። የሞተሩ ዙር ወርዶ ድምፁ ካልተቀየረ፣ ጉዳዩ የሞተር አይደለም። ነዳጅ ስትረግጡ ብቻ የሚመጣና ስትለቁ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ጎማውን ተዉትና ወደ ማርሽ ሳጥኑና ወደ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው) ፊታችሁን አዙሩ።

ከዚያ የመንገዱን ዓይነት ቀያይሩ። ከሻካራ አስፋልት ወደ ለስላሳ ስትገቡ ድምፁ ዝቅ ካለ ወይም ቃናው ከተለወጠ፣ ጎማ ነው። መንገዱ ምንም ይሁን ምን አንድ ዓይነት ሆኖ ከቀጠለ፣ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ተሸካሚ) ሳይሆን አይቀርም።

የኩሽኔታና የጎማ ድምፅ ሰውን በጣም ያሳስታሉ፤ ሁለቱም "ዉዉዉ" ነው የሚሉት። ለመለየት በሰዓት 50 ወይም 60 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ መሪውን በዝግታ ትንሽ ወደ ግራ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ቀኝ መልሱ። ወደ ግራ ስትዞሩ ክብደቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ግራ ስትሉ የሚጎላ፣ ወደ ቀኝ ስትሉ የሚቀንስ ድምፅ የቀኙን ኩሽኔታ ይጠቁማል። ተቃራኒው ከሆነ የግራውን። የጎማ ድምፅም በመታጠፊያ ላይ ትንሽ ሊለወጥ ስለሚችል ይህን ፈተና ከመንገድ ለውጡ ጋር አጣምራችሁ ፍረዱ።

ካልተማመናችሁ መኪናውን በክሪክ አንሱ። ሜዳ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎች በድንጋይ ይደገፉ፣ ከሻንሲው ሥር ጠንካራ መደገፊያ ይግባ። ክሪክን ብቻ አምኖ መኪና ሥር መግባት ነፍስ ያስከፍላል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ገፋ ሳብ አድርጉት፤ የሚንቀጫቀጥ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም የመሪና የእግር (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክፍል) መገጣጠሚያዎቹ ይታዩ። ከዚያ በአንድ እጅ አሽከርክሩት፣ ሌላውን እጅ ሞላው ላይ አድርጉ። ኩሽኔታው ከተበላ ሻካራ ርግብግቦሽ መዳፋችሁ ላይ ይመጣል።

ጥቃቅኖቹንም አትናቁ። ጥርስ መሃል የተሰካ ጠጠር "ጠቅ ጠቅ" ይላል። ሚስማርም እንዲሁ፤ እሱን ግን ራሳችሁ አትንቀሉት፣ ጎሚስታ ጋ ውሰዱት። የላላ የፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ) ፕላስቲክ ጎማውን ይነካል። ከ80 በላይ ብቻ የሚመጣና ነፋስ በጎን ሲመታ የሚለዋወጥ "ሹሹ" ደግሞ የበር ጎማ ነው። የበሩን ክፍተቶች ለጊዜው በወረቀት ፕላስተር ሸፍናችሁ ብትነዱ ወዲያው ይለያል።

አደገኛው ድምፅ

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ድምፅ ለብቻው መነገር አለበት። በእርምጃ ፍጥነት ስትነዱ "ዱብ… ዱብ… ዱብ" የሚል፣ መሪው ወይም መቀመጫው አብሮ የሚወዛወዝ ከሆነ ቆማችሁ እዩ። ለማስላት ቀላል ነው። ልኩ 205/55 አር 16 ተብሎ ጎኑ ላይ የተጻፈበት ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 2 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በሴኮንድ አንድ ዙር ማለት ነው። ዱብታው በሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል ከሆነ፣ ጎማው ላይ አንድ የተበላሸ ቦታ አለ።

ያ ቦታ በድንገተኛ ፍሬን የተፋቀ ወይም ለረጅም ጊዜ ቆሞ የጠፈጠፈ ሊሆን ይችላል። ቆሞ የጠፈጠፈው ጎማው ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል፤ በፍሬን የተፋቀው አይመለስም። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ውስጡ ያለው የሽቦ ንጣፍ ሲላቀቅ ነው። ጥርሱ ላይ ጉብታ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ እባጭ ካያችሁ ክርክር የለም። ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) እሰሩና ያንን ጎማ ለማንም አትስጡ። በፍጥነት ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

2. ንፋሱን ለኩ

አጭር ነው፣ ግን አትዝለሉት። መኪናው ቢያንስ ለ3 ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ለኩ። ትክክለኛው ልክ በአብዛኛው መኪና ላይ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ወይም የነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ ተለጥፏል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ ነው እንጂ የሚሞላው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የበዛ ንፋስ ጎማውን ያጠነክረዋል፣ እያንዳንዱን ጠጠር ወደ ውስጥ ያስገባል፣ መሃሉንም ይበላዋል። ያነሰ ንፋስ ሁለቱን ጠርዞች ይበላል። ድምፅ ለመቀነስ ብላችሁ ከልኩ በታች እንዳታወርዱ አደራ። ጎማው እየተጣጠፈ ይግላል፣ መጨረሻውም መፈንዳት ነው።

3. በመዳፍ አንብቡት

የዚህ ሁሉ ሥራ ልብ ይህ ነው። ዓይን የማያየውን መዳፍ ያገኘዋል። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማው ታጥቦ ይሁን። የወጣ ሽቦ ወይም የተሰካ ሚስማር እንዳይወጋችሁ መጀመሪያ በዓይን ቃኙት። የፊቶቹን መሪውን ጥግ ድረስ አዙራችሁ ታገኟቸዋላችሁ። ለኋላዎቹ ማውለቅ ይሻላል።

መጀመሪያ መዳፋችሁን ጥርሱ ላይ ዘርግታችሁ በጎማው ዙሪያ፣ ጎማው በሚሽከረከርበት አቅጣጫ ጎትቱ። ከዚያ በዚያው መስመር መልሱት። አንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ፣ ሲመለስ ጣታችሁን ጫፍ ጫፉ ላይ የሚይዛችሁ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ጥርስ አንድ ጫፉ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ልክ እንደ መጋዝ ነው የሚሆነው። ይህ ብዙ ጊዜ ኃይል በማይቀበሉት ጎማዎች ላይ ይታያል፤ ፊት በሚነዳ መኪና ላይ የኋላዎቹ ማለት ነው። ዋናው ምክንያት ጎማዎቹ ቦታ ሳይቀያየሩ ብዙ መነዳታቸው ነው። አላይመንትም አስተዋጽኦ አለው። ድምፁ ከኩሽኔታ ጋር የሚምታታው ወጥ "ዉዉዉ" ነው። አሁንም እዛው ጎማ ላይ ሁኑና ውስጠኛውን ጠርዝ ብቻ ለይታችሁ ዳስሱ። ውጪው ደህና ሆኖ ውስጡ መጋዝ የሆነ ጎማ ብዙ ነው፤ ቆሞ የሚያይ ሰው አንዱንም አያይም።

ቀጥሎ መዳፋችሁን በአግድም፣ ከውጪኛው ጠርዝ ወደ ውስጠኛው ጎትቱና መልሱ። አንዱ ወገን ለስላሳ፣ ሌላው ስለት ከሆነ፣ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው አይሄዱም። ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ እያዩ እየተፋቁ ነው የሚጓዙት። አላይመንት ይፈልጋል።

ሦስተኛው ጉድጓድ ነው። ዙሪያውን ስትዳስሱ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ የሚል፣ በማንኪያ የተጨለፈ የሚመስል ነገር ካገኛችሁ ጎማው እየዘለለ ነበር የሚሄደው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የደከመ ሾክ አብዞርበር ነው፤ የባላንስ (የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል መሆን) መዛባትና የላሉ የእግር መገጣጠሚያዎችም ያመጡታል። ድምፁ ወጥ አይደለም፣ "ዉ ዉ ዉ ዉ" እያለ ይመታል።

አንዱ ጎን ብቻ ከተበላ ደግሞ ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ አዘንብሏል።

ያገኛችሁትን ለእያንዳንዱ ጎማ ጻፉት፦ የትኛው ጎማ፣ የትኛው ጠርዝ፣ ምን ዓይነት አበላል። ወረቀቱን ለመካኒኩ ስትሰጡት ንግግራችሁ "መኪናዬ ይጮኻል" ከማለት በጣም የተለየ ይሆናል።

4. ቦታ ቀያይራችሁ ፈትኑ

የፊትና የኋላ ጎማዎችን በዚያው ጎን አቀያይሩና ያንኑ መንገድ በዚያው ፍጥነት ንዱ። ድምፁ ከፊት ወደ ኋላ ከተዛወረ ጥፋተኛው ጎማው ነው። እዛው ከቀረ ኩሽኔታ ነው ወይም ሌላ ነገር። ከዚህ የተሻለ ርካሽ ፈተና የለም።

መቀያየሩ መድኃኒትም ነው። ፊት በሚነዳ መኪና የፊቶቹ ቀጥታ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ የኋላዎቹ ደግሞ ተሻግረው ወደ ፊት ይመጣሉ። ኋላ በሚነዳ መኪና የኋላዎቹ ቀጥታ ወደ ፊት፣ የፊቶቹ ተሻግረው ወደ ኋላ። ጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት ያለበት ጎማ ግን ከተቀመጠበት ጎን አይሻገርም። የፊትና የኋላ ጎማዎቹ ስፋት የሚለያይ መኪናም በዚህ መንገድ አይቀያየርም። ባለቀስቱ ጎማ በተቃራኒ ታስሮ ከሆነ አውልቆ ማዞር ነው፤ ያገለገለ ጎማ ሲገጠም ይህ ስህተት ያጋጥማል። "ውጪ" የሚል ምልክት ያለበት ጎማም ያ ጎኑ ወደ ውጪ ማየት አለበት።

መጋዝ የሆነ ጎማ ተሻግሮ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲዞር ከፍ ያለው ጫፍ ቀስ በቀስ ይበላል። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ሊብስ ይችላል፣ አትደንግጡ። ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ስጡት። ጥልቅ ጉድጓድ ያለበት ጎማ ግን እንዲህ አይድንም።

ቡሎኖቹን በተቃራኒ ተራ፣ በመስቀል ቅርጽ አጥብቁ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና ፈትሹ። ከዚያ ወዲያ በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር መቀያየር ልማድ ይሁን።

5. ያበላሸውን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ገንዘብ ነው። መጀመሪያ ሾክ አብዞርበርና መገጣጠሚያዎች፣ ከዚያ ባላንስ፣ በመጨረሻ አላይመንት። አላይመንት አሠርታችሁ ስታበቁ የእግር ዕቃ ብትቀይሩ ማዕዘኑ ስለሚዛባ እንደገና ትከፍላላችሁ።

ሾክ አብዞርበሩን ለማየት አካሉ ላይ የዘይት እርጥበት ፈልጉ። የመኪናውን ማዕዘን በክብደታችሁ ተጭናችሁ ልቀቁት። አንዴ ተነስቶ መርጋት አለበት። ሁለት ሦስቴ ከዘለለ ደክሟል። ይህ ግምት ነው፤ ባይዘልም ጎማው ላይ ጉድጓድ ካለ አስፈትሹት። ስትቀይሩ የፊቶቹን ሁለቱንም፣ ወይም የኋላዎቹን ሁለቱንም በጥንድ ቀይሩ።

ባላንስን በተመለከተ ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ ይጠብቅበታል። ባላንስ የሚያጠፋው መንቀጥቀጥን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር መሪው ላይ የሚመጣውን። ወጥ ጩኸትን አያጠፋም። ጎማው ጉድጓድ ካወጣ በኋላ መቶ ጊዜ ባላንስ ቢሠራ ጉድጓዱ እዛው ነው።

6. ጎማው ካልዳነ፦ ሌላ ስትመርጡ

ገንዘብ ከፈቀደ አዲስ ይሻላል። ካልፈቀደ ግን ያገለገለ ጎማ መግዛት ነውር የለውም፤ መርጦ መግዛት ነው።

ጎኑ ላይ "ዲኦቲ" ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣውን ተከተሉ፣ መጨረሻው ላይ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አንዳንድ ጎማ ላይ ይህ ቁጥር በአንድ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ አዙራችሁ ፈልጉ። ሦስት አኃዝ ብቻ ካገኛችሁ ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፣ አትንኩት። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል፣ ይደርቃል፣ የደረቀ ጎማ ደግሞ ይጮኻል። ብዙ አምራቾች ከ10 ዓመት በላይ የሆነውን ጥርሱ ደህና ቢመስልም አስወግዱት ይላሉ። እኔ ከ6 ዓመት በላይ የሆነውን ያገለገለ ጎማ እንድትገዙ አልመክርም።

ጥልቀቱን ለኩ። አዲስ የቤት መኪና ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ አለው። በብዙ አገሮች ሕጉ ከ1.6 በታች አይፈቅድም፤ በጥርሶቹ መሃል ያለው ትንሽ ድልድይ ያንን ልክ ያሳያል። ነጋዴው ጥልቀቱን ያሳያችኋል፣ እናንተ ግን የመዳፉን ፈተና እዛው አድርጉ። መጋዝ ወይም ጉድጓድ ካለበት ተዉት። ያ ጎማ የሌላ ሰው መኪና ላይ የተማረውን ጩኸት ይዞ ነው የሚመጣው። ውስጡንም እዩ፤ ጠርዙ አካባቢ ወይም ጎኑ ላይ ጥገና ካለ አይገዛም። ቢቻል አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ካልተቻለ ቢያንስ በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ። በአራቱም ጎማ በሚነዳ መኪና የጥርሱ ጥልቀት በአራቱም ተቀራራቢ ካልሆነ የኃይል ማስተላለፊያው ይጎዳል።

የጥርሱ ዓይነትም ይለያል። ለጭቃና ለኮረኮንች የተሠራ፣ ጥርሱ ትልልቅ፣ ክፍተቱ ሰፊ የሆነ ጎማ አስፋልት ላይ ይጮኻል፤ ብልሽት አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። ከልክ በላይ ሰፊ ጎማም እንዲሁ። መኪናው ከፋብሪካ የወጣበትን ልክ ጠብቁ፣ የክብደትና የፍጥነት ምልክቱም ከዚያ አይነስ።

አዲስ ከሆነና የአውሮፓ ኅብረት መለያ ካለበት በዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ) የተጻፈ ቁጥር ታያላችሁ። ከ2021 ወዲህ ባለው መለያ ላይ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ የሚል ደረጃም አለ፤ ጸጥተኛው ኤ ነው። ቁጥሩ የተለካው ከመኪናው ውጪ ነው፣ ውስጥ የምትሰሙትን በቀጥታ አይነግርም። ለማወዳደር ግን ይጠቅማል። የ3 ዴሲቤል ልዩነት የድምፁ ኃይል እጥፍ ነው።

7. የሚቀረውን ድምፅ መሸፈን

ይህ የመጨረሻው ነው፣ መጀመሪያ የሚሠራ አይደለም። ብዙ ሰው ወለሉን አስለብሶ የተበላ ኩሽኔታን ድምፅ ይሸፍናል፤ ያ አደጋ መሸሸግ ነው። ከላይ ያለው ሁሉ ተሠርቶ አሁንም ድምፅ ከበዛ ግን ያዋጣል።

በፓራፋንጎ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ተሰብሮ ወይም ወልቆ እንደሆነ በቅድሚያ አስተካክሉ። የበር ጎማዎችን እዩ። የኋላ ዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ አንስታችሁ የወለሉ የጎማ መድፈኛዎች መኖራቸውን አረጋግጡ፤ አንዷ ከጎደለች ድምፁም አቧራውም ይገባል። ከዚያ ነው ማልበስ የሚመጣው። ተለጣፊው የቡቲል ንጣፍ የቆርቆሮውን መርገብገብ ያፍናል፤ በላዩ የሚደረበው ከባድ ንጣፍ ደግሞ በአየር የሚመጣውን ያግዳል። ከጎማዎቹ በላይ ያለውን የቆርቆሮ ቅስትና የኋላ ወለሉን አስቀድሙ። ከመለጠፋችሁ በፊት ቆርቆሮው ንጹሕና ደረቅ ይሁን፣ ዝገት ካለ ይታከም። የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ግን አንዱንም አትድፈኑ።